በሽታውን ለማወቅ መሮጥ

አዲስ አበባ ውስጥ የአደባባይ ጥግ ይዞ የቆመ፣ ጎኑ ላይ የታማሚ ፎቶግራፍና የባንክ ሂሳብ ቁጥር የተለጠፈበት፣ ጣሪያው ላይ ድምፅ ማጉያ የተጫነበት ሚኒባስ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። «ወገን ለወገን ደራሽ ነው፤ ትንሽ ናት ብላችሁ አትናቁ» ይላል ድምፁ። ሰዉም አይንቅም። ከታክሲ የወረደው ኪሱን ይዳብሳል፣ እናቶች መቀነታቸውን ይፈታሉ፣ ወጣቶቹ ቆም ብለው በቴሌብር ይልካሉ። ዋሽንግተንም ይሁን ዱባይ ያለው ወገን፣ ያው ፎቶግራፍ በስልኩ ሲደርሰው የአቅሙን ያዋጣል። በዚህ መንገድ ሕክምና ያገኘው ሰው ብዙ ነው። ልማዱ የሚመሰገን እንጂ የሚነቀፍ አይደለም።

ይሁንና የዚህ መዋጮ ዕድሜ የታማሚው ጉዳይ እስኪያልቅ ድረስ ነው። ሰውዬው ሲድን ወይም ሲያርፍ ሂሳቡ ይዘጋል። በሚቀጥለው ወር ሌላ ፎቶግራፍና ሌላ የሂሳብ ቁጥር ይመጣል፤ በሽታው ግን ያው ነው። ታማሚዋን ለምን ያዛት? ለምን ቀድሞ አልታወቀላትም? መድኃኒቱ ለአንዷ ሠርቶ ለሌላዋ ለምን እምቢ አለ? ለእነዚህ ጥያቄዎች ሚኒባስ አቁሞ የሚለምን የለም። ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ ረጅም ርቀት መሮጥ በሌላው ዓለም ከአርባ ዓመት በላይ የቆየ ልማድ ነው፤ የሚሸፍነውም ይህንኑ ክፍተት ነው። በሩጫ ስማችን የገነነው እኛ፣ በመዋጮም የማንታማው እኛ፣ ሁለቱን ለዚህ ዓላማ ማገናኘት ላይ ገና ነን። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ15 ወደ 50

ነገሩ የሚጀምረው ከቴሪ ፎክስ ነው። በ1977 የ18 ዓመቱ ካናዳዊ ተማሪ ቀኝ ጉልበቱን አመመው፤ ሲመረመር የአጥንት ካንሰር ሆኖ ተገኘ። እግሩ ከጉልበቱ በላይ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተቆረጠ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት በነበረው ምሽት የቅርጫት ኳስ አሠልጣኙ አንድ መጽሔት አመጣለት። መጽሔቱ በሰው ሠራሽ እግር የኒው ዮርክን ማራቶን ስለጨረሰው ስለ ዲክ ትራውም ይተርካል። የመሮጥ ሐሳቡ የመጣለት ከዚያ ነው፤ ለምን እንደሚሮጥ ያሳወቀው ግን ሐኪሞቹ የነገሩት ቁጥር ነው። የመዳን ዕድሉ 50 ከመቶ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ታምሞ ቢሆን ኖሮ 15 ከመቶ ብቻ ይሆን ነበር።

በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ልዩነት ያመጣው አዲስ የኬሞቴራፒ ሕክምና ነው። ሕክምናውን ያስገኘው ምርምር ነው፤ ለምርምሩ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ አንድ ሰው ገንዘብ አዋጥቷል። ቴሪ በሕይወት ያለው በማያውቃቸው ሰዎች መዋጮ መሆኑ ገባው። በ1979 ለካናዳ ካንሰር ማኅበር በጻፈው ደብዳቤም በካንሰር ክሊኒኩ ያያቸውን የታማሚዎች ፊት አንስቶ፣ ካናዳን በሩጫ አቋርጦ ለምርምር ገንዘብ እንደሚያሰባስብ ገለጸ።

የዝግጅቱ ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። የዘመኑ ሰው ሠራሽ እግር ለመራመጃ እንጂ ለመሮጫ የተሠራ አልነበረም። በጤነኛ እግሩ ሁለቴ ነጠር ነጠር ብሎ፣ ሰው ሠራሹ ከኋላ ተወርውሮ እስኪደርስለት ይጠብቅና በእሱ ላይ አንዴ ያርፋል። የተቆረጠው እግር ጫፍ ከማቀፊያው ጋር ሲፋተግ ይላጣል፣ ይደማል። ጤነኛው እግርም የሁለቱን ሥራ ስለሚሠራ ውሃ ይቋጥራል፣ ጥፍሩ ይነቀላል። ቴሪ የመጀመሪያዎቹን 20 ደቂቃዎች ከታገሠ በኋላ ሕመሙ እየቀለለው እንደሚሄድ ደረሰበት። በዚያው በ1979 በፕሪንስ ጆርጅ ከተማ በተደረገ የ27 ኪሎ ሜትር ውድድር ከፊቱ ካለው ሰው አሥር ደቂቃ ዘግይቶ የመጨረሻ ወጣ። ሰዉ በእንባና በጭብጨባ ተቀበለው፤ ቴሪም የልቡን ለቤተሰቡ የተናገረው ከዚህ በኋላ ነው።

ለዝግጅት የሮጠው ሲደመር ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ኋላ ካናዳን ለማቋረጥ ሲነሳ የሮጠው ደግሞ 5,373 ኪሎ ሜትር ነው። ዓለም የሚያስታውሰውን ያህል ርቀት፣ ካሜራ ሳይከተለው፣ አስቀድሞ አንድ ጊዜ ሮጦታል ማለት ነው። የረጅም ርቀት ሩጫ ሁልጊዜም እንዲህ ነው፤ ሕዝብ የሚያየው ትንሹን ክፍል ነው።

ሚያዝያ 1980 ከአትላንቲክ ዳርቻ፣ ሰው ሠራሽ እግሩን ባሕሩ ውስጥ ነክሮ ተነሳ። በየቀኑ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ለመሮጥ አቅዷል፤ ጓደኛው ዳግ ኦልዋርድ መኪና ይነዳለታል። መጀመሪያ ላይ ዞር ብሎ ያየው ሰው ጥቂት ነበር። ፖርት ኦ ባስክ ሲደርስ ነገሩ ተለወጠ። 10 ሺህ ሰው የሚኖርባት ይህች ከተማ 10 ሺህ ዶላር አዋጥታ ጠበቀችው። ከእያንዳንዱ ካናዳዊ አንድ ዶላር የመሰብሰብ ግብ የተጠናከረው ከዚያ በኋላ ነው። በሩጫው 143ኛ ቀን፣ መስከረም 1980 ሲጠባ፣ ተንደር ቤይ ከተማ አጠገብ ሳልና የደረት ሕመም አስቆመው፤ ካንሰሩ ወደ ሳንባው ተሠራጭቶ ነበር። ሕዝቡ ግን መስጠቱን አላቆመም። በየካቲት 1981 የተሰበሰበው ገንዘብ ከ24 ሚሊዮን ዶላር አለፈ፤ የካናዳ ሕዝብም በዚያን ጊዜ 24 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ቴሪ ሰኔ 28 ቀን 1981፣ 23 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ሲቀረው አረፈ።

በዚያው ዕለት፣ ከውቅያኖሱ ማዶ በሰሜን እንግሊዝ ኒውካስል፣ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች የመጀመሪያውን ታላቁን የሰሜን ሩጫ እየሮጡ ነበር። የለንደን ማራቶንም የተጀመረው በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ነው። መስከረም ላይ ደግሞ በቴሪ ስም የመጀመሪያው ሩጫ ተካሄደና 300 ሺህ ሰው ወጥቶ 3.5 ሚሊዮን ዶላር አሰባሰበ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2001፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ ታላቁን ሩጫ በኢትዮጵያ ሲጀምር ስሙም አሠራሩም ከኒውካስሉ ሩጫ ጋር ዝምድና ነበረው። ሩጫን የሕዝብ በዓል የማድረጉን ነገር ወርሰን አሳምረን ይዘነዋል። ለምርምር ገንዘብ የማሰባሰቢያ መሣሪያ የማድረጉ ነገር ነው መንገድ ላይ የቀረው። በቴሪ ፎክስ ስም እስካሁን የተሰበሰበው ከ850 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ ነው።

ገንዘቡን ዝም ብሎ መስጠት አይሻልም?

ይህ የተጠራጣሪ ጥያቄ ተገቢ ነው። ካናቴራ ማሳተም፣ መንገድ ማዘጋት፣ ውሃ ማደል ወጪ አለው። ሰው ኪሱ ውስጥ ያለውን በቀጥታ ቢሰጥ ምን ይጎድላል?

መልሱ የሰው ጠባይ ላይ ነው። በ2013 ክሪስቶፈር ኦሊቮላና ኤልዳር ሻፊር የተባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ መስጠት ከድካምና ከሕመም ጋር ሲቆራኝ ሰዎች የበለጠ ለመስጠት እንደሚነሳሱ አሳይተዋል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ስለቱን ሊያደርስ ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚሄደው ምዕመን መኪና እያለለት በእግሩ ሲጓዝ፣ ድካሙ የስለቱ አካል ስለሆነ ነው። ሯጩም ጓደኛውን «መቶ ብር ስጠኝ» ቢለው ልመና ይሆንበታል። «አራት ወር ለፍቼ 42 ኪሎ ሜትር ልሮጥ ነው፤ አንተስ ምን ታደርጋለህ?» ካለው ግን እሱም ድርሻውን አስቀድሟል።

ሁለተኛው ጥቅም ጊዜ ነው። አንድ ለጋሽ ገንዘቡን ሰጥቶ በአንድ ደቂቃ ይረሳዋል። ለሩጫ የሚዘጋጅ ሰው ግን ለወራት ሲያወራው ይከርማል። ቢሮ ውስጥ ሲያነክስ «ምን ሆነህ ነው?» ይሉታል፤ እሁድ ጠዋት ቁርስ ላይ ሲጠፋ ይጠይቁታል። በእያንዳንዱ መልስ ስለ በሽታው ይነሳል። ስሙን ለመጥራት የምንፈራውን፣ ዙሪያውን እየዞርን «ያ ክፉ በሽታ» የምንለውን ካንሰር በግልጽ ለማውራት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ ብዙ አይገኝም።

ይህን ወደ ሥርዓት የለወጡት አሉ። በ1988 ብሩስ ክሌላንድ የተባለ አሜሪካዊ አባት፣ የደም ካንሰር ይዟት ለዳነች ልጁ ክብር 38 ሯጮችን አሰባስቦ፣ አብረው ተለማምደው የኒው ዮርክን ማራቶን ሮጡ። ለአሜሪካ የደም ካንሰር ማኅበርም 322 ሺህ ዶላር አስገቡ። ለጀማሪ ሯጭ አሠልጣኝና የልምምድ ጓደኛ እየሰጡ በምትኩ ገንዘብ እንዲያሰባስብ ቃል የማስገባቱ አሠራር በሰፊው የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። በለንደን ደግሞ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ከአዘጋጁ የመሮጫ ቦታ ይገዙና፣ ብዙውን ጊዜ ወደ 2,000 ፓውንድ ለማምጣት ቃል ለገባ ሯጭ ይሰጡታል። በ2025ቱ የለንደን ማራቶን ትዕግሥት አሰፋ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ገብታ ሴቶች ብቻቸውን የሚሮጡትን ማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር አገሩ ሁሉ አጨበጨበ። ከእሷ ኋላ የሮጠው ሕዝብ በዚያው ሩጫ ለበጎ አድራጎት ያስገባውን 87.3 ሚሊዮን ፓውንድ ግን እዚህ ያወራለት ሰው አልነበረም።

ከሮም እስከ ጥቁር አንበሳ

ሦስተኛው ጥቅም በገንዘቡ ጠባይ ላይ ነው። መንግሥት ውጤቱ የተረጋገጠ ነገር ላይ ማውጣት ይመርጣል፤ የመድኃኒት ኩባንያ ገበያ ያሰላል። ገና ያልጎለመሰ ሐሳብ የሚያስጠጋው የሚያገኘው እንዲህ ካለው ከብዙ ሰው እጅ ከተጠራቀመ ነጻ ገንዘብ ነው። ይህን በደንብ የሚያሳየው የአንድ ክኒን ታሪክ ነው።

አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ በሮጠበት በ1960፣ ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሃንገርፎርድ የተባሉ የፊላዴልፊያ ተመራማሪዎች አንድ ዓይነት የደም ካንሰር ባለባቸው ሰዎች ሕዋስ ውስጥ ያጠረ ክሮሞሶም አገኙ። ካንሰር ከአንድ ተለይቶ ከታወቀ የዘር ቅንጣት ጉድለት ጋር ሲያያዝ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ጉድለቱ ምን እንደሆነ፣ ምን ዓይነት ጤናማ ያልሆነ ፕሮቲን እንደሚያመርት፣ ፕሮቲኑን ማፈን ይቻል እንደሆነ ለመረዳት አሥርታት ፈጀ። በ1990ዎቹ ብራያን ድሩከር የተባለው ሐኪም ኢማቲኒብ የተባለውን መድኃኒት ለዚህ በሽታ ሲያጠና፣ ታማሚው ጥቂት ነው በሚል መድኃኒቱን የሠራው ኩባንያ ያመነታ ነበር። ከድሩከር ምርምር ደጋፊዎች አንዱ ያ ከሯጮች ገንዘብ የሚሰበስበው የአሜሪካ የደም ካንሰር ማኅበር ነው። መድኃኒቱ በግንቦት 2001 ተፈቀደ። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ታላቁ ሩጫ የተካሄደውም በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ነው። ጉድለቱ ተገኝቶ ክኒኑ ታማሚ እጅ እስኪገባ የፈጀው፣ ከአበበ ሮም እስከ ኃይሌ መስቀል አደባባይ ያለው ዘመን ነው።

ቀድሞ ይህ በሽታ የያዘው ሰው ያለ መቅኒ ንቅለ ተከላ ብዙ ዓመት የመኖር ተስፋው የመነመነ ነበር። ክኒኑን በመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ የወሰዱት ታማሚዎች ከአሥር ዓመት በኋላ ሲታዩ ከመቶው 83ቱ በሕይወት ነበሩ። ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ታሪክ ሆኖ አልቀረም። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚከታተሉ ኢትዮጵያውያን ታማሚዎች ይህንኑ ክኒን በዓለም አቀፍ የእርዳታ ፕሮግራም በነጻ ሲወስዱ ኖረዋል። ምርምር ድንበር የለውም ማለት ይህ ነው። የእኛ ታማሚ በሌሎች ላብና መዋጮ ተጠቅሟል፤ ለዚያ ድርሻ ያዋጣን ግን ብዙ አይደለንም።

የአካል እንቅስቃሴው ራሱ የምርምር ርዕስ የሆነበትም አለ። በ2025 በታተመ፣ በስድስት አገሮች 889 የአንጀት ካንሰር ታማሚዎችን ባሳተፈ ሙከራ፣ ከኬሞቴራፒ በኋላ ለሦስት ዓመት ክትትል ያለው የአካል እንቅስቃሴ ያደረጉት ከስምንት ዓመት በኋላ ከመቶው 90ው በሕይወት ነበሩ። የጤና መጽሐፍ ብቻ ከተሰጣቸው ግን 83ቱ ነበሩ። ከገንዘብ ደጋፊዎቹ አንዱ ቴሪ የሮጠለት የካናዳ ካንሰር ማኅበር ነው።

ሕክምናው ሳይሟላ ምርምር?

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን የእኛው ነው። በዚህ አገር የጨረር ሕክምና ለማግኘት ታማሚ ወራት ይጠብቃል። በ1997 የተጀመረው የጥቁር አንበሳ የጨረር ክፍል ከሃያ ዓመት በላይ በአገሪቱ ብቸኛው ነበር። ማሽን ሳይበቃ፣ መድኃኒት እየጠፋ፣ አልጋ ጠቦ ስለ ምርምር ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ?

ቅንጦት የሚሆነው ምርምር ሲባል ነጭ ጋውንና ውድ ላቦራቶሪ ብቻ ከታየን ነው። ስንት ሰው፣ በየትኛው ካንሰር፣ የት ቦታ፣ በስንት ዓመቱ እንደተያዘ መዝግቦ መቁጠርም ምርምር ነው። የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ የተጀመረው በ2011 ነው። በ2020 በኢትዮጵያ ወደ 77 ሺህ ሰው በካንሰር እንደተያዘና ወደ 52 ሺህ እንደሞተ የሚናገረው ዓለም አቀፍ ግምት በአብዛኛው የቆመው በዚህ በአንድ ከተማ ምዝገባ ላይ ነው። ሰሜን ሸዋ ወይም ጋሞ ያለችው ታማሚ በአዲስ አበባዋ ልክ ተገምታለች ማለት ነው። ማሽን የት መትከል እንዳለበት የሚወስነው ሰው የያዘው መረጃ ይህ ነው።

ጥያቄው ደግሞ ሩቅ አይደለም። አርሲን እንውሰድ። የአርሲዋ ቦቆጂ ደራርቱ ቱሉን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን አበርክታለች፤ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ሕፃናቱን ከትምህርት ቤት ሜዳ እየለቀመ ያሠለጠነባት ከተማ ናት። ኃይሌም የአሰላ ልጅ ነው። ይኸው አካባቢ ከባሌ ጋር በምግብ ቧንቧ ካንሰር ክፉኛ የተጎዳ ነው። ሐኪሞች ይህን ካንሰር ይዞ የሚመጣ ታማሚ ሲያዩ መጀመሪያ ከሚጠይቁት አንዱ «ከአርሲ ነህ? ከባሌ?» የሚል ነው። በሽታው ከእኛ ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ አድርጎ እስከ ደቡብ አፍሪካ በተዘረጋ ቀጠና ጎልቶ ይታያል። በጣም ትኩስ ገንፎና መጠጥ፣ የቤት ውስጥ ጭስ፣ ጫትና ትምባሆ ተጠርጥረዋል፤ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ከ65 ዲግሪ ሴልሲየስ በላይ የሞቀ መጠጥ ካንሰር የማምጣት ዕድል እንዳለው በ2016 አስታውቋል። አርሲ ላይ ከእነዚህ የትኛው ምን ያህል እንደሚያጠቃ ለይቶ ለመናገር ብዙ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል። ሰዎች ገንፎ ሲቀርብላቸው በቴርሞሜትር የሚለካ፣ ቤት ለቤት የሚጠይቅ፣ ታማሚውን ከጤነኛ ጎረቤቱ ጋር የሚያወዳድር ጥናት ነው። እንዲህ ያለው ጥናት ከአንድ ታማሚ የውጭ አገር ሕክምና ወጪ ጋር የሚቀራረብ ገንዘብ ሊበቃው ይችላል፤ መልሱ ግን ለሚመጣው ትውልድ ሁሉ ይቀራል። ምክንያቱ ትኩስ ገንፎ ከሆነ፣ መድኃኒቱ ቀዝቀዝ እስኪል መጠበቅ ነው።

ምርምር ሕክምናን ይሻማል የሚለው ስሌት እዚህ ላይ ይገለበጣል። ከ2018 ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የተጀመረው የማህፀን በር ካንሰር ክትባት እዚህ የደረሰው፣ በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ መሆኑን ሃራልድ ዙር ሃውሰን ስላረጋገጠ ነው። ያ ዕውቀት ባይኖር ዛሬም ወረፋ እየጨመርን እንኖር ነበር። ወረፋውን ማሽን ያስተናግደዋል፤ የሚያሳጥረው ግን የበሽታውን መንስኤ ማወቅ ነው።

የአራት ወር ቃል

እንዴት ይጀመር? ጎህ ሳይቀድ መስቀል አደባባይ ይሂዱ። በደረጃዎቹ ላይ ከዳር ዳር በነጠላ ሰልፍ የሚመላለሱ ሯጮች አሉ፤ የፊተኛው ሰዓቱን ያያል፣ የኋለኞቹ የፊተኛውን ተረከዝ። ከነሱ ዝቅ ብለው ቦርጫቸውን ይዘው ወክ የሚያደርጉ የቢሮ ሠራተኞች ይታያሉ። ለምርምር የሚሮጠው ሠራዊት የሚወጣው ከእነዚህ ከኋለኞቹ ነው። ታዋቂ አትሌት ለውድድር ይሮጣል፤ ሒሳብ ሠራተኛዋ ስትሮጥ ግን ክፍሉ በሙሉ ያዋጣላታል።

አገሩ የሯጭ ነው ማለት ሁላችንም ሯጭ ነን ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ እንጦጦ ሲወጡ ደግሞ ከ3,000 ይበልጣል። ከወንበር ተነስቶ አቀበት የሚጋፈጥ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ጉልበቱን ይዞ ይቀመጣል። ለግማሽ ማራቶን ሦስት ወር፣ ለሙሉ ማራቶን ከአራት እስከ አምስት ወር መለማመድ ያሻል። መጀመሪያ ሶምሶማና እርምጃ እያፈራረቁ፣ ከጎን ካለው ሰው ጋር እያወሩ መሮጥ በሚቻልበት ፍጥነት ይሄዳሉ። በሳምንት አንድ ቀን ረጅም ርቀት፣ ከከባድ ቀን ማግሥት ቀላል ልምምድ ወይም እረፍት፣ ውድድሩ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሲቀረው ደግሞ መቀነስ። ጿሚ ረጅሙን ሩጫ ከሚመገብበት ሰዓት ጋር ማስማማት አለበት። ከመጀመሩ በፊት በሐኪም መታየትም ግድ ነው። ቴሪ በሩጫው ወቅት የሕክምና ክትትሉን ችላ ማለቱ የሚደነቅለት ነገር አይደለም፤ ለጤና ሳይንስ ገንዘብ የሚያሰባስብ ሰው የጤና ባለሙያን ምክር መስማት አለበት።

አዘጋጆቹስ? ታላቁ ሩጫ በየዓመቱ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ የማሰባሰብ ልምድ አለው፤ ሐዋሳ ላይም ግማሽ ማራቶን ይካሄዳል። ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች በ2004 የመሠረቱትን የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን የመሰለ ተቋምም አለን። የሚጎድለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛው፣ ከተወሰነው የመሮጫ ቦታ ጥቂቱን ገንዘብ ለማሰባሰብ ቃል ለገባ ሯጭ መስጠትና የልምምድ ቡድንና አሠልጣኝ ማዘጋጀት ነው። ሁለተኛው፣ ገንዘቡ «ለካንሰር» ተብሎ በደፈናው ሳይሆን በዓመት ለአንድ ለታወቀ ጥያቄ መዋሉ ነው፤ ጥያቄውን ባለሙያዎች ይምረጡ፣ ሕዝብም አስቀድሞ ይወቀው። ሦስተኛው ሪፖርት ነው። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ጥናቱ ምን አገኘ፣ ምንም ካላገኘም ያው ይነገር። ምርምር ባዶ እጁን ሊመለስ እንደሚችል አስቀድሞ ያልተነገረው ለጋሽ ሁለተኛ ጊዜ አይሰጥም። ለንደንና ዋሽንግተን ያሉ ወገኖች ቀድሞውኑ እንዲህ ባለው አሠራር ውስጥ ስለሚኖሩ፣ ለአገር ቤት ጥያቄ ለመሮጥ የሚጎድላቸው ተቀባዩ ማን እንደሆነና ገንዘቡ የት እንደሚገባ በማስረጃ ማወቅ ብቻ ነው።

ሚኒባሱ ይቀጥል፤ የታመመ ሰው ምርምር እስኪያልቅ አይጠብቅም። ከዚያ መዋጮ ጎን ግን አንድ ሌላ ሂሳብ መከፈት አለበት፤ ታማሚው ሲድንም ሲያርፍም የማይዘጋ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሜዳሊያ ያመጡልን ልጆች ያደጉበት አርሲ፣ እናቶቻቸውና አባቶቻቸው ለምን በምግብ ቧንቧ ካንሰር እንደሚያልቁ መልስ ይገባዋል። የመጀመሪያው ለምርምር የሚሮጥ ሩጫ ከአሰላ ቢነሳ ትክክለኛ ቦታው ነው።